ናዲ ሾዳና ለጀማሪ፦ ትንፋሽ መያዙ ላይ እየታፈንኩ ነው፣ እንዴት ልሥራው?

ማክዳ ዘካዛንቺስ | ሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ ስለ ዮጋ ትንፋሽ ነው። መገለባበጡንና መተጣጠፉን አይደለም፤ ቁጭ ተብሎ አንዱን አፍንጫ በጣት ዘግቶ በሌላው የሚተነፈሰውን ነው። ናዲ ሾዳና ይባላል።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ እውላለሁ። ማታ አልጋ ውስጥ ስገባ ጭንቅላቴ ሥራውን አያቆምም። የቢሮ ጓደኛዬ "ይሄን ሞክሪ፣ እኔን ለጥ አድርጎ ያስተኛኛል" ብላ ቪዲዮ ላከችልኝ። አስተማሪው ህንዳዊ ነው፣ ረጋ ያለ ሰው። 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ 16 እስክትቆጥሩ ያዙ፣ 8 እየቆጠራችሁ አስወጡ ይላል።

እኔ 10 አካባቢ ስደርስ ደረቴ ይጨነቃል። የያዝኩት አየር በአንዴ ቧ ብሎ ይወጣል፣ ቀጣዩን ደግሞ እየተስገበገብኩ ነው የምስበው። ትንሽ ያዞረኛል። ግራ አፍንጫዬ ደግሞ ግማሹን ጊዜ ዝግ ነው። ዝግ በሆነ አፍንጫ ምኑን ልሳብ?

የከተማችን ከፍታ ይሆን? የምታውቁ ንገሩኝ። እማዬ ደግሞ በር ከፍታ አየችኝና "ምን ዓይነት አምልኮ ነው ደግሞ ይሄ?" ብላ አማትባ ወጣች። እሱንም የምታስረዱልኝ ካላችሁ አልጠላም።

የአራዳ ልጅ | ሰኞ ማታ 3፡22

16 መያዝማ ቀላል ነው። በሥራ መውጫ ሰዓት ከስታዲየም ሜክሲኮ በታክሲ፣ ከሰው ብብት ስር ሆነሽ ስትሄጂ ሳትወጂ ትይዢዋለሽ።

አሰልጣኟ | ሰኞ ማታ 4፡05

ማክዳ እህቴ፣ ችግሩ ቁጥሩ ነው። 4-16-8 የድሮው የዮጋ ምጣኔ ነው። የሳብሽበትን አራት እጥፍ ይዘሽ፣ ሁለት እጥፉን እያስወጣሽ ማለት ነው። እዚያ የሚደረሰው ብዙ ከተለማመዱ በኋላ፣ አስተማሪ አጠገብ ሆኖ ነው። ለጀማሪ መያዝ የሚባል ነገር የለም። ጨርሶ ተይው። ቪዲዮውን የሠራው ሰው ጥሩ አስተማሪ ሊሆን ይችላል፣ ግን ማን እንደሚያየው አያውቅም።

እንዲህ ጀምሪ። ወንበር ጫፍ ወይም በርጩማ ላይ ተቀመጪ። መሬት ከመረጥሽ ጋቢ አጥፈሽ ከመቀመጫሽ ስር አድርጊ፣ ዳሌሽ ከጉልበትሽ ከፍ ይበል። ጀርባ ቀጥ፣ ትከሻ ወረድ። ግራ እጅሽ ጭንሽ ላይ ይረፍ። የቀኝ እጅሽን ሌባ ጣትና መሃል ጣት ወደ መዳፍሽ እጠፊ። አውራ ጣትሽ ቀኙን አፍንጫ ይዘጋል፣ የቀለበት ጣትሽ ግራውን።

መጀመሪያ በሁለቱም አፍንጫ ያለውን አስወጪ። ቀኙን ዝጊ፣ በግራ ሳቢ። ግራውን ዝጊ፣ ቀኙን ልቀቂ፣ በቀኝ አስወጪ። እዚያው በቀኝ ሳቢ። ቀኙን ዝጊ፣ በግራ አስወጪ። ይሄ አንድ ዙር ነው። በግራ ተጀምሮ በግራ ያልቃል። ጀማሪ የሚደናበረው አንድ ቦታ ነው፤ ካስወጣ በኋላ ጣቱን ይቀይራል። ጣት የሚቀየረው ከሳቡ በኋላ ነው። ካስወጣሽ በኋላ እዚያው አፍንጫ ላይ ትቆያለሽ።

ቁጥሩ 4 ስቦ 4 ማስወጣት ይሁን። ያለ ጭንቅ ከሄደልሽ ማስወጫውን 6 አድርጊው። 8 በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ ቀን አትቁረጪለት። 4 ራሱ ከበዛብሽ 3 በ3 አድርጊው፣ የሚቀጣሽ የለም። ልክሽን የሚነግርሽ ቀጣዩ ትንፋሽ ነው። ከተስገበገብሽ ያለፈው ረዝሟል። አፍሽ ዝም እንዳለ ይቆይ፣ መንጋጋሽን ላላ አድርጊው። 5 ደቂቃ ይበቃል።

ጣትሽ አፍንጫሽን አይቆንጥጥ። አጥንቱ ከሚያልቅበት፣ ለስላሳው ጋ ነካ አድርጎ መዝጋት ብቻ። ክንድ ሲደክም ደግሞ ሰው አንገቱን ወደ እጁ ያጎነብሳል። ይልቅ ክርንሽን ትራስ ላይ አሳርፊው።

ማክዳ ዘካዛንቺስ | ሰኞ ማታ 4፡18

ተባረኪ! ግን ሳልይዝ ከሠራሁ ጥቅሙ አይቀንስም? ዋናው መያዙ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሲስተር | ማክሰኞ ጠዋት 1፡40

ነርስ ነኝ፣ ዮጋ አላስተምርም። ስለ ትንፋሹ የማውቀውን ልበል።

ያዞረሽ ኦክስጅን አልቆብሽ አይደለም። ትንፋሽ ይዘን "ልቀቅ፣ ልቀቅ" የሚለን ስሜት በዋናነት የሚመጣው ደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ነው። ለቅቀሽ በጥልቀትና በፍጥነት ደጋግመሽ ስትስቢ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከልኩ በታች ይወርዳል። ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ራስ ይዞራል፣ ጣትና ከንፈር ውርር ይላል። ስለዚህ ሲያዞርሽ "አየር አነሰኝ" ብለሽ ጨምረሽ አትሳቢ። እጅሽን አውርጂና እንደ ወትሮሽ ተንፍሺ። ያልፋል።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ጥቅሙ ያለው ዝግታው ላይ ነው። አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ስንስብ ልብ ትንሽ ትፈጥናለች፣ ስናስወጣ ትዘገያለች። ትንፋሹ በደቂቃ ወደ 6 ሲወርድ የልብ ምቱ መውጣትና መውረድ በጣም ጎልቶ ይታያል፤ የደም ግፊትን የሚያስተካክለው ሥርዓትም ከትንፋሹ ጋር ይናበባል። ልብን የሚያረጋጋው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው፣ እሱ ደግሞ በማስወጫው ሰዓት ይበረታል። አሁን ቁጥሩን እዪው። አንዱን ቁጥር አንድ ሰከንድ ካደረግሽው፣ 4 ስበሽ 6 ስታስወጪ 10 ሰከንድ ነው። በደቂቃ 6 መጣልሽ። ምንም ሳትይዢ እዚያው ደረስሽ።

"የቀኝና የግራ አንጎልን ያስተካክላል፣ መርዝ ያወጣል" የሚሉትን ግን ለቪዲዮ ሠሪዎቹ ተይላቸው።

ሳይነስ ብቻ | ማክሰኞ ጠዋት 2፡30

ስለ ዝግ አፍንጫ እኔን ጠይቁኝ፣ ዕድሜ ልኬን የኖርኩበት ነው። ካዛንቺስ ከሆንሽ ፍርስራሹ፣ ቁፋሮው፣ የመንገዱ አቧራ አለ። አፍንጫ ቢዘጋ አይፈረድበትም። እኔ ማታ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቼ ፎጣ ተከናንቤ እታጠናለሁ። ከዚያ በለብ ያለ የጨው ውሃ እታጠባለሁ። ዮጋዎቹም የጨው ውሃ ማጠቢያ አላቸው፣ ኔቲ ይሉታል፣ በትንሽ ማንቆርቆሪያ ነው።

ሲስተር | ማክሰኞ ጠዋት 2፡48

ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፣ ከቧንቧ ቀጥታ አፍንጫ ውስጥ አይገባም። ለግማሽ ሊትር ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ድስቱን ደግሞ ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ አትታጠኑ፣ በዚህ ተቃጥሎ የሚመጣ ሰው አለ።

ግን ማክዳ፣ ያንቺ ዝግ አፍንጫ በሽታ ላይሆን ይችላል። የሰው ሁለት አፍንጫ እኩል አይሠራም። አንዱ ውስጡ በደም አበጥ ብሎ ጠበብ ሲል ሌላው ይከፈታል፣ ከተወሰኑ ሰዓታት በኋላ ይቀያየራሉ። ካይዘር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 ጽፎታል። ሁላችንም ጋ አለ፣ ጉንፋን ሲይዘን ብቻ ነው የምናስተውለው። በጎን ስትተኚ የታችኛው ይዘጋል፣ የላይኛው ይከፈታል። ስለዚህ ግራሽ ከተዘጋ በቀኝ ጎንሽ ጥቂት ደቂቃ ጋደም በይና ከዚያ ተቀመጪ።

ሁልጊዜ አንዱ ብቻ ከሆነ የሚዘጋው፣ ቀያይሮም የማይከፈት ከሆነ፣ የአፍንጫ ሐኪም ይየው። የመሃሉ አጥንት የተጣመመ ብዙ ሰው አለ።

ጡረተኛው | ማክሰኞ ከሰዓት 10፡15

ልጆች፣ እኔም ልግባ። በጃንሆይ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ግማሹ አስተማሪ ህንዳዊ ነበር። የእኛ የሒሳብ አስተማሪ ጠዋት ቀድመው መጥተው፣ ባዶ ክፍል ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው አፍንጫቸውን ሲይዙ እናያቸው ነበር። እኛ በሳቅ እንሞታለን። እሳቸው ምንም አይሉም፣ ሲጨርሱ ጠመኔያቸውን አንስተው ወደ ሥራቸው። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳቸው። አስተማሩኝ። እስከ ዛሬ አልተውኩትም።

ሲስተር ስለ መተኛቱ ያለችው እውነት ነው፣ ዮጋዎቹም በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል። ብብት ሲጫን የሌላኛው ወገን አፍንጫ ይከፈታል። ለዚህ ብለው ዮጋ ዳንዳ የሚባል፣ አናቱ ብብት ስር የሚገባ አጭር በትር አላቸው። ምስሉን ሳይ የኛን የካህናት መቋሚያ ነው የመሰለኝ። ማክዳ ልጄ፣ መቋሚያ ፍለጋ አትሂጂ፤ የተጠቀለለ ፎጣ ቀኝ ብብትሽ ስር ጨብጠሽ ትንሽ ቆይ፣ ግራው ይለቅልሻል።

ስለ መያዙ ደግሞ፣ አሰልጣኟ ልክ ናት። ስቫትማራማ የሚባል ሰው በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ሀታ ዮጋ ፕራዲፒካ የሚባል መጽሐፍ አለ። አንበሳ፣ ዝሆንና ነብር ቀስ በቀስ እንደሚገሩ ትንፋሽም ቀስ በቀስ ይገራል፣ አለበለዚያ ባለቤቱን ይገድላል ይላል። እነሱ ራሳቸው እንዲህ ብለው እያስጠነቀቁ፣ የኛ ሰው በመጀመሪያው ቀን 16 ካልቆጠርኩ ይላል።

የአራዳ ልጅ | ማክሰኞ ከሰዓት 10፡31

ጋሼ እርስዎ ይምጡና ያስተምሩን በቃ። ቪዲዮው ይቅርብን።

ሯጭ ነኝ | ማክሰኞ ማታ 2፡00

ከፍታውን ማንም አላነሳላትም፣ እኔ ልመልስ።

አዲስ አበባ ወደ 2,355 ሜትር ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ አይቀንስም፣ ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የሚገፋው ኃይል ነው። ስለዚህ እዚህ የምንኖር ሰዎች ትንሽ አብዝተን እንተነፍሳለን፣ ትንፋሽ ስንይዝም ከቆላ ሰው ቶሎ ይጨንቀናል። ቆላ ውስጥ ተቀምጦ 16 የሚይዝ ሰው እዚህ መጥቶ ይሞክረው።

ግን ከፍታ ነው ብለሽ አትፍሪ። ሰውነታችን ለምዶታል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አለ፣ ሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የሀገራችን ሰዎችን የለካ። የደማቸው የኦክስጅን መጠን በአማካይ 95 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ነው። አንቺ ካዛንቺስ ቁጭ ብለሽ ኦክስጅን አያልቅብሽም። ከደብረ ዘይት ወይም ከአዳማ ከርመሽ ስትመለሺ ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቁጥሩን ቀንሺው።

መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ልሥራ የሚል ሐሳብ ካለሽ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ይሻላል። እኛ እየሮጥን ነው፣ ማንም አያይሽም። 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን የመኪና ጭስ ነው የምትስቢው። በዝግታና በጥልቀት ጭስ መሳብ ምን ያደርግልሻል? ቤትሽ ይሻላል፣ መስኮቱም በመንገድ በኩል ያለው ሳይሆን በጓሮ በኩል ያለው ይከፈት።

መዘምሩ | ማክሰኞ ማታ 3፡20

ሁላችሁም በደንብ አስረዳችኋት። እናቷ የጠየቁትን ግን ዘለላችሁት። ዮጋ ስፖርት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ሰውን ማታለል ነው። ከሂንዱ እምነት የወጣ ነው፣ ግቡም እምነታዊ ነው። እናቷ ያማተቡት ያለ ነገር አይደለም።

የአራዳ ልጅ | ማክሰኞ ማታ 3፡26

አየር መሳብም ሃይማኖት ሆነ? እግዜር የሰጠንን አፍንጫ ነው እኮ!

አሰልጣኟ | ማክሰኞ ማታ 3፡50

መዘምሩ ያለው ልክ ነው፣ አልሸፋፍንም። ጋሼ የጠቀሱት መጽሐፍ ራሱ የሚጀምረው ለሂንዱዎቹ አምላክ ለሺቫ እጅ በመንሳት ነው። በጥንቱ የዮጋ ሊቅ በፓታንጃሊ አካሄድም ትንፋሽ ከስምንቱ እርከኖች አራተኛው ነው፣ ከሱ በላይ ያሉት ሁሉ ወደ ተመስጦ የሚወስዱ ናቸው። "ከእምነት ጋር ምንም አይገናኝም" የሚል አስተማሪ ካጋጠማችሁ ወይ አላነበበም ወይ እየሸጠ ነው።

እኔ ጋ የሚመጡት ኦርቶዶክስም፣ ፕሮቴስታንትም፣ ሙስሊምም ናቸው። ማንትራ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚባል የእምነት ቃል፣ አላስደግምም፤ ምስል አላስቀምጥም። ቁጥርና አፍንጫ ብቻ። እሱም ቢሆን ልቡ የማይቀበለው ሰው ሲኖር "አትምጣ" እለዋለሁ። እየተሳቀቁ መተንፈስ አይቻልም።

መዘምሩ | ማክሰኞ ማታ 4፡02

እንዲህ በግልጽ ስትናገሪ ደስ ይላል። እኔም ቀስ ብሎ መተንፈስ ኃጢአት ነው አላልኩም። ማክዳ፣ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። እንደምትሠሪው አድርገሽ ንገሪያቸው፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ። ከዚያ እሳቸው የሚሉሽን ስሚ። እዚህ የኛን ድምፅ ቆጥረሽ አይወሰንም።

አንዋር ሰፈር | ማክሰኞ ማታ 4፡15

እኔ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ተስቢህ ይዤ ስቀመጥ ትንፋሼ በራሱ ይዘገያል። የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አለኝ፣ እሱም ላይ ይታያል። ይሄ ከምትሉት ጋር አንድ ነው?

ሲስተር | ረቡዕ ጠዋት 1፡15

በጣም ይቀራረባል። እንዲያውም የተጠና ነው። የጣሊያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዞቹ የሕክምና መጽሔት፣ ቢ ኤም ጄ ላይ አውጥተውታል። 23 ጤነኛ ሰዎችን ሁለት ነገር አስደገሟቸው። አንዱ ካቶሊኮች በመቁጠሪያ የሚሉት የማርያም ጸሎት ነው፣ በላቲን። ሌላው "ኦም ማኒ ፓድሜ ሁም" የሚለው ማንትራ። ሁለቱም ትንፋሹን በደቂቃ ወደ 6 አወረዱት። የልብና የግፊቱ መናበብም በሁለቱም ጨመረ።

አስቡት፣ ለምን እንደዚያ ሆነ? ጸሎቱ ሲነበብ በአንድ ትንፋሽ የሚባለው ያህል ርዝመት ስላለው ነው። ተናግሮ ለመጨረስ ማስወጫው ይረዝማል። 41 ጊዜ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" በእርጋታ የሚል ሰው ምን እየሆነ እንደሆነ አሁን ይገባችኋል። እነሱ የለኩት የኛን አይደለም፤ እኔ ግን ተቀምጬ በሰዓት ሞክሬዋለሁ፣ ሳይቸኩሉ ካሉት ትንፋሹ ይዘገያል።

መዘምሩ | ረቡዕ ጠዋት 1፡33

ጸሎት ግን ለልብ ምት ተብሎ አይጸለይም፣ ሲስተር። ጥናቱ ደስ ይላል።

ሲስተር | ረቡዕ ጠዋት 1፡36

እሱስ ልክ ነህ።

እናት ልሆን ነው | ረቡዕ ቀን 6፡45

በመሃል ስለገባሁ ይቅርታ። ስድስተኛ ወሬ ነው። ልሥራው? ካፓላባቲ የሚባልም አይቻለሁ፣ ሆድን እየመቱ በአፍንጫ ፍፍ ፍፍ የሚያደርጉት። ለቦርጭ ይጠቅማል ብለውኝ ነበር፣ ከመውለዴ በፊት ለመልመድ።

አሰልጣኟ | ረቡዕ ቀን 7፡10

እንኳን ደስ አለሽ። ካፓላባቲን እርሺው! ሆድን በኃይል እየመታ የሚሠራ ነው፣ ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ከወለድሽም በኋላ ሆድሽ እስኪጠገን ይቆይ። ባስትሪካ የሚሉት፣ በኃይል እየሳቡ በኃይል የሚያስወጡትም እንደዚያው። ግፊት ያለበት፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ቡአ ያለበት፣ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ያለበት፣ በቅርብ ሆዱን የተቀደደ ሰው አይሞክረው። ቦርጭ የሚያጠፋ ትንፋሽ ደግሞ የለም።

አፍንጫ መቀያየሩን ሳትይዢ፣ 3 በ3 ወይም 4 በ4፣ ጀርባሽን ግድግዳ አስደግፈሽ መሥራት ትችያለሽ። ቅድመ ወሊድ የምትከታተዪበት ቦታ ግን መጀመሪያ ንገሪያቸው። ትንሽ እንኳ ከጨነቀሽ አቁሚ።

ማክዳ ዘካዛንቺስ | እሑድ ጠዋት 3፡00

ተመልሻለሁ። መያዙን ተውኩት፣ 4 በ4 እየሠራሁ ነው። ማዞሩ ጠፋ። በቀኝ ጎን ጋደም ማለቱ ይሠራል፣ ሲስተር፣ ጋሼ የነገሩኝ ፎጣም ይሠራል። ክርኔን ትራስ ላይ ማድረጉ ደግሞ ትከሻዬን ገላገለው።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። አሠራሩን በእጄ አሳየኋቸው፣ ሳቁ። የባዕድ ቃል እንዳልደግም፣ ከጸሎቴ በፊት ሳይሆን በኋላ እንዳደርገው ነገሩኝ። እማዬን ግን አላሳመንኳትም። "አፍንጫዬ እንዲከፈት ነው" ስላት "ታዲያ ባሕር ዛፍ ታጠኚ" አለችኝ።

አሁን የቸገረኝ ሰዓቱ ነው። ጠዋት ለሥራ እሯሯጣለሁ። ማታ እራት ከበላሁ በኋላ ስቀመጥ ሆዴ እየገፋኝ ዲያፍራሜ፣ ከሳንባ ስር ያለው የትንፋሽ ጡንቻ፣ አልወርድ አለ።

አሰልጣኟ | እሑድ ጠዋት 3፡40

ሆድ ሙሉ ሆኖ አይሠራም። ከእራት በኋላ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይባላል፣ እንጀራ በሽሮ ጥግብ ካልሽ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ከሥራ ገብተሽ፣ ልብስ ቀይረሽ፣ እራት ሳይቀርብ ያለችው ሰዓት ለብዙ ሰው ትመቻለች። የጾም ወራት ደግሞ እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ የምሳ እረፍትሽ ላይ ቢሮ ውስጥ ባዶ ክፍል ፈልጊ። ቡና ጠጥተሽ ወዲያው አትቀመጪ፣ ልብሽ ሲመታ ነው የምታዳምጪው።

ጡረተኛው | እሑድ ቀን 6፡20

እኔ አራት ኪሎ ነኝ፣ ሌሊት የኪዳን ድምፅ ሲጀምር እነሳለሁ፣ ማንቂያ አልሞላም። አልጋው ጠርዝ ላይ ጋቢዬን ደርቤ እሠራለሁ። የሌሊቱ አየር ቀዝቃዛ ነውና አፍንጫችሁ እርጥብ የሚል ከሆነ ጋቢውን እስከ አፋችሁ ሳብ አድርጉት፣ ሞቅ ያለ አየር ትስባላችሁ።

ሳይነስ ብቻ | እሑድ ማታ 1፡15

ብራህማሪ የሚባለውስ? እንደ ንብ እም እያሉ ማስወጣት። ሳይነሴን የለቀቀልኝ እሱ ነው፣ ወይ እኔን መስሎኝ ነው?

ሲስተር | እሑድ ማታ 1፡52

መስሎህ ላይሆን ይችላል። በአፍንጫችን ዙሪያ ያሉት ባዶ ቦታዎች ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫሉ። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ለክተው፣ እም እያሉ ሲያስወጡ በአፍንጫ የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ዝም ብሎ ከማስወጣት ጋር ሲነጻጸር 15 እጥፍ ሆኖ አግኝተውታል። ንዝረቱ በሳይነሱና በአፍንጫው መካከል ያለውን አየር ያለዋውጠዋል። ሳይነስ ይፈውሳል ማለት አይደለም። ትኩሳት ካለህ፣ ፊትህን ካመመህ፣ መግል የመሰለ ከወጣህ ሐኪም ጋ ነው።

ማክዳ ዘካዛንቺስ | እሑድ ማታ 2፡05

እም ማለቱንማ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንዴት ብዬ? ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት ምን ይለኛል።

የአራዳ ልጅ | እሑድ ማታ 2፡08

ጄኔሬተር ገዛች ይላሉ።

ሯጭ ነኝ | እሑድ ማታ 2፡30

በአካል መማር የምትፈልጉ፣ ተመድ እ.ኤ.አ. በ2014 የወሰነው ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን አለ፣ ጁን 21 ነው፣ በኛ ሰኔ 14። የህንድ ኤምባሲዎች በየሀገሩ ያከብሩታል። ሲቃረብ ጠይቁ። ዝናብ ነውና ጃኬት ያዙ።

ግፊት አለብኝ | ሰኞ ጠዋት 2፡10

ሁሉንም አነበብኩ። ዕድሜዬ ከ50 አልፏል፣ የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ይሄን ብጀምር መድኃኒቱን ልቀንሰው እችላለሁ? ጓደኛዬ ትንፋሽ ብቻውን ያወርደዋል ብሎኛል።

ሲስተር | ሰኞ ጠዋት 2፡25

አባቴ፣ መድኃኒቱን እንዳይነኩት። ቀስ ብሎ መተንፈስ ግፊትን ትንሽ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፣ መድኃኒትን ግን አይተካም። ሐኪምዎ ሳያውቅ ቢያቋርጡት ግፊቱ ሊጨምር፣ ወደ ስትሮክም ሊያደርስ ይችላል። 4 ስበው 6 እያስወጡ ይሥሩ። አንዲትም ሰከንድ አይያዙ፣ አያምጡ። ሥራው ተጀምሮ ደረትዎን ካመመዎ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎ እዚያው አቁመው ሐኪም ቤት ይሂዱ። ቤት ውስጥ መለኪያ ካለዎ ጠዋት ቡና ሳይጠጡ፣ 5 ደቂቃ አርፈው፣ ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ይለኩና ይጻፉት። ቀጠሮዎ ሲደርስ ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ፣ መቀነስ ካለበት ሐኪሙ ይቀንሰዋል።

ግፊት አለብኝ | ሰኞ ጠዋት 2፡41

እሺ ሲስተር። መለኪያው የልጄ ነው፣ ዛሬ ማታ አመጣዋለሁ። ለክንድ ነው ለእጅ አንጓ የሚሻለው?

ሲስተር | ሰኞ ጠዋት 2፡50

የክንዱ። ክንድ ላይ የሚጠቀለለውን ጨርቅ ልክ ደግሞ ያረጋግጡ፣ ከጠበበ ከፍ አድርጎ ነው የሚያነበው።